አንቀጽ 17 እና የአክስቴ ልጅ ውል

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ይዛ ሐይቅ ከተማ ላይ «ሱቅ ልክፈት፣ ምግብ ቤት ልክፈት» ስትል ከረመች። ባለፈው ወር ደወለችልኝ። «ወንድምዓለም፣ አንድ ወረቀት በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አንተ ተምረሃል፤ አንብበህ ፈርሚ ወይ ተዪ በለኝ» አለችኝ።

የላከችው 31 ገጽ ውል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የካፌና የበርገር ድርጅት (ስሙን አልጠራም) በስሙ ሐይቅ ላይ ቤት እንድትከፍት የሚፈቅድላት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ። የአክስቴ ልጅ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። እኔ ደግሞ ጠበቃ አይደለሁም። ዲግሪዬ በታሪክ ነው፣ እንጀራዬም ለዚህም ለዚያም በመጻፍ ነው። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ሳነበው ግን በርገሩ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ውጫሌ ድቅን አለብኝ።

ውጫሌን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከደሴ ተነስታችሁ ሐይቅን አልፋችሁ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። እዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የፈረሙትን ውል ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አንቀጽ 17ንም ያውቀዋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንቀጽ 16 እና 19 ነው ማውራት የምፈልገው። እነሱን የሚያነሳቸው ሰው ጥቂት ነው፤ የአክስቴን ልጅ የሚመለከቷት ግን እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። ፍራንቻይዝ የሚባለው የስም ኪራይ ነው። ስም ያለው ድርጅት ስሙን፣ ምልክቱን፣ የምግቡን አሠራርና የቤቱን መልክ ለሌላ ሰው ያከራያል። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቤት ይይዛል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ለባለስሙ አንድ ጊዜ የመግቢያ ይከፍላል፤ ከዚያ በየወሩ ከሽያጩ በመቶ ይህን ያህል እያለ ይሰጣል። ትርፍ ሲመጣ ይካፈላሉ፤ ኪሳራ ሲመጣ የተከራዩ ብቻ ነው። ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ውጫሌ። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። በአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል»። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሡ በዚያ በኩል ብቻ ሊላላኩ ተስማምተዋል። አንዲት ግስ ናት አገር ያጣላችው። በመስከረም 1882 ራስ መኮንን ኢጣልያ ሳሉ አንድ ተጨማሪ ስምምነት ተፈረመ፤ ብዙም ሳይቆይ በጥቅምት ወር ኢጣልያ አንቀጽ 17ን ይዛ ለኃያላን መንግሥታት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ስትል አስታወቀች። ምኒልክ ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። የዘውድ በዓላቸውን ሊያስታውቁ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ሲልኩ፣ እንግሊዝና ጀርመን «ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ያድርጉ» የሚል መልስ ሰጧቸው።

ይህን ሁላችን እናውቃለን። አሁን አንቀጽ 19ን ተመልከቱ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ እንደተጻፈ፣ ሁለቱ በትክክል እንደሚስማሙ፣ ሁለቱም እኩል ተቀባይነት እንዳላቸው ይናገራል። ማለትም በወረቀት ላይ ምኒልክ የሚፈልጉትን ዋስትና አግኝተው ነበር፤ ቋንቋቸው እኩል ነው። የቀረው ጉድለት «ሁለቱ በትክክል ይስማማሉ» የሚለውን ቃል ቁጭ ብሎ፣ መስመር በመስመር፣ ሁለቱንም ቋንቋ በሚያውቅና ከማንም ወገን ባልሆነ ሰው ማስመርመር ነበር። አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ነበሩ። በእሳቸው ላይ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። አንድ ሰው ብቻውን የሁለት መንግሥታት ድልድይ ሲሆን ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ ድልድዩን አንድ ብቻ ያደረገው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ውል ከውጫሌ ያነሰ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ይህ ውል ወደ ሌላ ቋንቋ ቢተረጎም የእንግሊዝኛው ቅጂ ይገዛል ይላል። ምኒልክ ቢያንስ እኩል ነበሩ።

አንቀጽ 16ስ? ይህ ነው የማይወራለት። ከአምስት ዓመት በኋላ ከተዋዋዮቹ አንዱ ውሉን ማሻሻል ቢፈልግ ይችላል፤ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ማስታወቅ አለበት ይላል። የሰጠው ግዛት ግን እንደተሰጠ ይቀራል። ምኒልክ ይህን በር ተጠቀሙበት። አንዳንድ ሰው ምኒልክ ውሉን በንዴት የቀደዱት ይመስለዋል። አይደለም። በየካቲት 1885 ለአውሮፓ መንግሥታት በጽሑፍ አስታውቀው ውሉ በራሱ አንቀጽ መሠረት በ1886 ሚያዝያ እንዲያበቃ አደረጉ። የገቡበትን በር ሳይሆን የመውጫውን በር ነው የፈለጉት፤ በሩ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር አደረጉ። በመስከረም 1882ቱ ተጨማሪ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት። ዋስትናው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር፤ ዕዳው ካልተከፈለ ጉምሩኩን ኢጣልያ ልትይዝ ትችላለች። ምኒልክ ውሉን ከማፍረሳቸው በፊት ዕዳውን ከፈሉ። በውል የተጣላ ሰው ከባለጋራው ብር ወስዶ ከሆነ ክርክሩ ስለ ቃል መሆኑ ቀርቶ ስለ ዋስትናው ይሆናል። ይህን ያወቁት ይመስለኛል።

በዚያው ተጨማሪ ስምምነት ላይ የድንበር ጉዳይ «አሁን በእጅ ባለው ይዞታ» እንዲወሰን የሚል ነበረበት። ኢጣልያኖች በዚያ ክረምት ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጥተው አስመራን ይዘው ነበር። «አሁን በእጅ ያለው» የሚለው ቃል ለማን እንደሚያደላ ለመረዳት የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። በዛሬው የንግድ ቋንቋ ይህ «የግዛት አንቀጽ» ይባላል። በአክስቴ ልጅ ውል ውስጥም አለ፤ ድርጅቱ በሐይቅ ከተማ ሌላ ቅርንጫፍ አይከፍትም ይላል፣ ግን «የከተማው ክልል» ምን እንደሆነ የሚተረጉመው ራሱ ድርጅቱ ነው። ውጫሌስ? ደሴስ? አውራ ጎዳናው ዳር የሚቆመው አውቶቡስ ተሳፋሪስ የማን ነው?

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ከዚያ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ውጫሌን ሰረዘ። ምኒልክ መድፍ ነበራቸው። የአክስቴ ልጅ የላትም።

ለዚህ ነው ነገሩን ወደ ጠርሙስ የምወስደው፤ መድፍ የሌላቸው ሰዎች የስም ኪራይ ታሪክ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 ቻታኑጋ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ሁለት ጠበቆች፣ ቶማስና ኋይትሄድ፣ አትላንታ ሄደው የኮካ ኮላን ባለቤት ኤሳ ካንድለርን ጠየቁ፤ «ይህን መጠጥ በጠርሙስ እንድንሞላው ፍቀድልን»። ያን ጊዜ ኮካ ኮላ መድኃኒት ቤት ውስጥ በብርጭቆ የሚቀዳ መጠጥ ነበር። ካንድለር ጠርሙሱ አይረባም ብሎ ስለናቀው በ1 ዶላር ፈረመላቸው። ዶላሩንም አልተቀበለም ይባላል። የውሉ ጉድ ግን ዶላሩ አይደለም። የሽሮፑ ዋጋ ተወስኖ ተቀመጠ፣ ውሉ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስኳር ዋጋ ሰማይ ሲነካ ድርጅቱ በቆየው ዋጋ ሽሮፕ መሸጥ ከበደው፤ ውሉን ላፍርስ ሲል በ1920 ጠርሙስ ሞይዎቹ ፍርድ ቤት አቆሙት። በኋላ የሽሮፑ ዋጋ ከስኳር ጋር ከፍና ዝቅ እንዲል ተስማምተው ተፋቱ። ሁለቱ ጠበቆች ራሳቸው ብዙም አልሞሉም፤ የተሰጣቸውን መብት በየከተማው ከፋፍለው ለሌሎች ሸጡት እንጂ። ያኔ የተጎዳው ባለስሙ ነበር። የስም ድርጅቶች ከዚያ በኋላ የተማሩትን ትምህርት በዛሬ ውሎች ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ውሉ የሚያበቃው በእነሱ ቀን ነው፣ ዋጋውን የሚቀይሩትም እነሱ ናቸው።

ወደ እኛ አገር ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ መሞላት ጀመረ፤ በ1965 ድሬዳዋ ላይ ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተ። ፔፕሲም በዚያው ዘመን ገባ። ባለሀብቱ የኢትዮጵያ ሰው፣ ጠርሙሱ የኢትዮጵያ፣ ውኃው የኢትዮጵያ፤ ስሙና ዋናው ቅመም የአሜሪካ። ደርግ መጥቶ በ1967 ዓ.ም. ትልልቁን ሁሉ ሲወርስ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ስሙን ግን ሊወርስ አልቻለም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያስቀኛል። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ተብሎ በየሰልፉ በሚፈከርበት ዘመን የመንግሥት ፋብሪካ ኮካ ኮላ እየሞላ ይሸጥ ነበር። ሕንፃውን፣ ማሽኑን፣ መኪናውን በአንድ አዋጅ መውሰድ ይቻላል፤ ሰው የሚጠማው ስም ግን ከሚልኩለት ሰዎች ጋር ነው የሚቀረው።

ይህ ታሪክ ወደ ሐይቅ የሚቀርበው በደሴ በኩል ነው። ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመንግሥት ከተረከባቸው የፔፕሲ ፋብሪካዎች አንዱ የደሴው ነው። ሐይቅ ላይ አንድ ልጅ ሠርግ ቤት ሚሪንዳ ሲጠጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የጠጣው በስም ኪራይ የተሞላ ጠርሙስ ነው። ያ ንግድ ሠርቷል። ለምን ሠራ? ስሙን የተከራየው አቅም ያለው ባለሀብት ስለሆነ። በእሱ ደረጃ ያለ ሰው ከአሜሪካው ድርጅት ጋር ጠበቃ አስቀምጦ ይዋዋላል፣ ማሽን በራሱ ያስመጣል፣ አንድ ወር ቢከስር ይቋቋማል። እንዲያም ሆኖ ቅመሙ ከውጭ ስለሚመጣ የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ዓመት አቅሙ ይፈተናል። ትልቁን የሚፈትነው ነገር ትንሿን ይሰብራታል።

አንድ ሌላ ምሳሌ በየመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ነዳጅ ማደያ። ስንቶቻችሁ ሼል የሚለውን ቢጫ ምልክት ታስታውሳላችሁ? ወርዶ ኦይልሊቢያ ተተከለ፤ እሱም ወርዶ ኦላ ኢነርጂ ሆነ። ማደያውን የሚያንቀሳቅሰው ወኪል ብዙ ጊዜ ያው ሰውዬ ነው፤ ቀዳጁም ያው ልጅ። ባለስሙ ድርጅቱን በውጭ አገር ሲሸጥ ወኪሉን የጠየቀው የለም። ይህን የምነግራችሁ በስም ኪራይ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሁልጊዜ ሊገባ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የአክስቴ ልጅ ውል ድርጅቱ መብቱን ለፈለገው ማስተላለፍ ይችላል ይላል። እሷ ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለእህቷ እንኳን ማስተላለፍ አትችልም።

የውጭ ምግብ ስሞች ዘግይተው ነው የመጡት። ፒዛ ሀት በበላይአብ ፉድስ አማካይነት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ካልዲስ ቡና ነበር፤ ከስታርባክስ ጋር የሚመሳሰለውን ክብ አረንጓዴ ምልክቱን አይተው የውጭ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውበታል። ስታርባክስ ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም፤ ካልዲስ ግን በየሰፈሩ ተተከለ። ስም ሳይከራዩ ማደግ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። (ስታርባክስን ካነሳን አይቀር፣ በ1999 ዓ.ም. መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች ባለቤትነት አስከብሮ ከስታርባክስ ጋር ሲስማማ ፈቃዱን የሰጠው ያለ ክፍያ ነበር። ዓላማው ስሙን ማስተዋወቅ ነው ተባለ፤ ምክንያቱም ገብቶኛል። ግን ለአንድ የበርገር ስም ከሽያጭ በመቶ 6 የምንጠየቅ ሰዎች የይርጋጨፌን ስም በነፃ ማዋሳችን ይገርመኛል።)

በመቶ 6 ካልኩ ሒሳቡን እናስላው። በአክስቴ ልጅ ውል ላይ 6 በመቶ የስም፣ 2 በመቶ የማስታወቂያ አለ፤ በድምሩ 8። «8 ብቻ?» አለችኝ። ልብ በሉ፣ 8 በመቶው ከትርፍ አይደለም፣ ከሽያጭ ነው። ለምሳሌ ቤቱ በቀን 10 ሺህ ብር ቢሸጥ በወር 300 ሺህ ነው። የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ሥጋ፣ ዘይት፣ መብራትና ግብር ተከፍሎ 10 በመቶ ቢተርፋት 30 ሺህ ነው። ከዚህ ላይ 24 ሺውን ለባለስሙ ስትሰጥ 6 ሺህ ይቀራታል። ዘይት ተወዶ ትርፉ ወደ 5 በመቶ ቢወርድ 15 ሺህ ብቻ ነው የሚኖራት፤ የስሙ ኪራይ ግን ያው 24 ሺህ ነው። 9 ሺውን ከየት ታመጣለች? ከጅዳው ብር። ባለስሙ በዚያም ወር አልከሰረም። እንዲያውም ሽያጩ እንዲጨምር ዋጋ ቀንሽ ቢላት እሱ ያተርፋል፣ እሷ ትከስራለች። የሁለቱ ጥቅም አንድ የሚመስለውና የማይሆነው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ደግሞ መጥበሻው፣ የቡና ማሽኑና ወንበሩ ሳይቀር ከድርጅቱ ብቻ እንዲገዛ፣ ዋጋውም በዶላር ተተምኖ በዕለቱ ምንዛሪ በብር እንዲከፈል ተጽፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በሐምሌ 21 ፈርሞ በነሐሴ መጨረሻ የከፈለ ሰው ምን እንደደረሰበት አስቡት።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ውሉ ዳቦው፣ ስጎው፣ የተዘጋጀው ሥጋ ከአዲስ አበባው መጋዘን ብቻ እንዲመጣ ያዛል። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ናት፤ ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያ መስመር ላይ የነበረ ነጋዴ ምን እንዳሳለፈ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስንት ሱቅ ተዘረፈ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ቀን ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሐይቅ ነጋዴ ምን ያደርጋል? በሬ ከገበያ ይገዛል፣ ዳቦ ከጎረቤት ያስጋግራል፣ ዓሣ ከሐይቁ ያወጣል፤ ቤቱን አይዘጋም። የአክስቴ ልጅ ግን ከጎረቤት ዳቦ ብትገዛ ውል አፍርሳለች።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው አንቀጽስ? አለ። ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የመንግሥት ትእዛዝ ሲኖር ማንኛውም ወገን ግዴታውን ባለመፈጸሙ አይጠየቅም ይላል። ቀጥሎ አንድ ሐረግ አለች፤ «ከክፍያ ግዴታ በስተቀር»። ድርጅቱ ያለበት ግዴታ ዕቃ መላክ ነው፤ እሷ ያለባት ግዴታ መክፈል ነው። መንገድ ሲዘጋ እሱ ነፃ ይወጣል፣ እሷ ትከፍላለች። በየወሩ የሚከፈል ዝቅተኛ መጠንም ስላለ ቤቱ ተዘግቶ እንኳን ሒሳቡ ይቆጥራል። ይህቺን ሐረግ ሳነብ ነው «ይቻላቸዋል» ትዝ ያለችኝ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕጉ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያስገድዳል። ዳኛ ዘንድ ቀርቦ «አላነበብኩትም» ማለት ብዙ አያራምድም። ሌሎች አገሮች በዚህ የተቃጠሉ ሰዎችን አይተው ሕግ አውጥተዋል። በአሜሪካ ስም አከራይ ድርጅት ከመፈረሙ ከ14 ቀን በፊት ዝርዝር ሰነድ መስጠት አለበት፤ ያሉትን ቅርንጫፎች ብቻ ሳይሆን ውላቸውን ያቋረጡትን ሰዎችም ይዘረዝራል። በደቡብ አፍሪካ ተከራዩ ከፈረመ በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ሊሰርዘው ይችላል። ዝርዝሩን በሕግ ባታገኝም በቃል መጠየቅን የሚከለክላት የለም፤ «ከእናንተ ጋር ጀምረው የወጡትን ሰዎች ስልክ ስጡኝ» ማለት ትችላለች።

ስለ ውል ካነሳን፣ እኛ ወሎዎች ወረቀት ዛሬ ያየን ሰዎች አይደለንም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በውስጡ የስጦታና የንብረት ማስታወሻዎች ይዟል። ገጹ ቅዱስ ነው፤ ማንም ሊፍቀው አይደፍርም፤ መነኮሳቱም ሕዝቡም ያየዋል። ቃሉም ሁሉም የሚያነበው ባይሆን እንኳን ሲነበብለት ሁሉም የሚሰማው ነበር። 31 ገጽ እንግሊዝኛ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ አስቡት።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን በሙሉ አልጠላሁትም። የአክስቴ ልጅ ካፌ ሠርታ አታውቅም። ድርጅቱ ሠራተኞቿን ያሠለጥናል፣ የሒሳብ አያያዝ ያሳያታል፣ ምግቡ በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያውቀው ምልክት ሲያይ ሆዱ አይፈራም፤ ይቆማል። ይህ ዋጋ አለው። ግን የሐይቅ ሰው ራሱስ? ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊበላ የሚወጣ ሰው «እገሌ ቤት እንሂድ» ነው የሚለው። ስሙ የሰው ስም ነው። መንገደኛው በቀነሰበት ዘመን በሩን የሚከፍተው የከተማው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያምነው የእሷን እናት ነው፣ አክስቴን፣ በሰፈሩ የምትታወቀውን።

ይህን ሁሉ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ወላሂ አንተ ልጅ ምኒልክን ለበርገር አወረድከው» ብላ ሳቀችብኝ። «አብሽር፣ ገና አልፈረምኩም።»

በማግሥቱ ሦስት ጥያቄ አብረን ጻፍን። አንደኛው፣ ውሉ በአማርኛ ይጻፍልኝ፤ ሁለቱም ቅጂ እኩል ይሁን። ሁለተኛው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ከፍተው የዘጉ ሰዎችን ስልክ ስጡኝ። ሦስተኛው የመውጫው ነው። አሁን ባለው ውል ለአምስት ዓመት ታስራለች፤ ከወጣች ለሁለት ዓመት በደቡብ ወሎ ውስጥ ካፌ መክፈት አትችልም፤ የገዛችው ዕቃም የድርጅቱ ምልክት ስላለበት መሸጥ አትችልም። ስለዚህ በስድስት ወር ማስታወቂያ እንድትወጣ፣ ዕቃውን ድርጅቱ በተገመተ ዋጋ እንዲገዛት፣ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ክፍያው እንዲቆም፣ ያኔም ከአካባቢው ዕቃ እንድትገዛ ይፈቀድላት ብለን ጠየቅን።

ከድርጅቱ የደወለላት ልጅ ትሑት ነው፤ «እትዬ» እያለ ያነጋግራታል። «እትዬ፣ እኛ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ውል ነው ያለን፤ ለአንድ ሰው ብለን መቀየር ይከብደናል» አላት። እሷም «ለሁሉም አንድ ከሆነ የወጡት ሰዎች እንዴት እንደወጡ ንገረኛ» አለችው። ጠይቆ ሊነግራት ተለያዩ።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ያየችውን ቤት አከራዩ እስከ ቅዳሜ ሊጠብቃት ተስማምቷል። ቤቱን የምትይዘው በማንኛውም ስም ነው፤ ያ ልጅ ካልደወለ በእናቷ ስም። ትናንት ማታ ከድርጅቱ አንድ ኢሜይል ደርሷት ወደ እኔ አስተላልፋዋለች። ሁለት ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ።